ከነመስኮቱ የተቀባው አውቶብስ

ግድግዳው ጭቃ ቢሆን ኖሮ ባንቺአየሁ ባልሰማች ነበር። ነገር ግን የአባቷን ቤት እሷ ከምትኖርባት የጓሮ ክፍል የሚለየው ቆርቆሮ ነው፤ የመተማ ዮሐንስ ቆርቆሮ ደግሞ ሙቀትንም ወሬንም አያስቀርም። ፀሐይዋ ገና ሳትከርር፣ ወደምትሠራበት መድኃኒት ቤት ከመውጣቷ በፊት፣ በገመድ የተጠለፈች አልጋዋ፣ አንገረቧ ላይ ጋደም ብላ ስልኳን እያየች ሳለ የታላቅ ወንድሟ የደረበ ድምፅ በስንጥቁ በኩል አልፎ መጣ። ሰው ሲለማመጥ ብቻ የሚያወጣትን ቀጭን ድምፅ አውጥቶ፣ «አዎ ጌታዬ፣ አባቴ ከገዳሪፍ ለእኔ ያመጣልኝ ነው። ይኸው እንደ ዓይኔ ብሌን ጠብቄ አቆይቸዋለሁ። ለእርስዎ ካልሆነ ለማን ሊሆን ነው? ዛሬውኑ ሸሕዲ ላይ አምሮበት ይደርስዎታል» ይላል። ስለ ምን እንደሚያወራ ለመገመት አልተቸገረችም። በዚያው ቅጽበት የቆርቆሮ መጫወቻ አውቶብሷ ፎቶ በእጇ በያዘችው ስልክ ላይ ነበረ።

በየማለዳው የምትጎበኘው ገጽ ነው። ከየአገሩ ያሉ ሰዎች የድሮ ዕቃ ፎቶ ይለጥፉበታል፤ ጽጌረዳ የተሣለበት ቴርሞስ፣ ጠርዙ የተላጠ ሰማያዊ የብረት ሳህን፣ ጎኑ በፕላስተር የታሰረ ሬዲዮ። ከሥሩ፣ ይህን የሚያውቅ ዕድሜውን ይናገር እያሉ ይቀላለዳሉ፤ አንዱ ስለ እናቱ ሣጥን ሲጽፍ ሌላው ለማያውቃት ሴት ነፍስ ይማር ይላል። ባንቺአየሁ በዚህ ገጽ ላይ የምታየውን እርስ በርስ መከባበር፣ በምትኖርበት ግቢ ውስጥ ስለማታገኘው፣ ከፎቶዎቹ ይልቅ እሱን ትወደው ነበር። ዛሬ ግን ከሁሉም በላይ የተለጠፈው የእሷው አውቶብስ ሆነ። የተነሣው በራሷ አልጋ ልብስ ላይ ነው፤ ማን ክፍሏ ገብቶ እንዳነሣው የሚያጠያይቅ ነገር አልነበረውም። ከፎቶው በላይ ደረበ በስሙና በአባቱ ስም፣ አባቱ ያመጣለትን መጫወቻ ከልጅነቱ ጀምሮ በጨርቅ ጠቅልሎ እንደጠበቀው ጽፏል። ከሥሩ ምርቃት ወርዶበታል። «ወንድ ልጅ ዕቃ መያዝ አይችልም ያለው ማን ነው?» ብላለች አንዲት ሴት። «አባትህ ወልዶ ተካ» ብሏል ሌላው።

አባታቸው አቶ ውባንተ የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ። ሰሊጥ ጭነው ሱዳን፣ ገዳሪፍ በደረሱ ቁጥር ለወንዱ ልጅ በቁልፍ የሚጠመዘዝ የቆርቆሮ መጫወቻ፣ ለሴቷ የፀጉር ሪባን ይዘው ይመለሱ ነበር። አውቶብሱ ከሁሉም ያምር ነበር፤ መስኮቶቹ ላይ ተሳፋሪዎች ታትመውበታል፤ ባርኔጣ ያደረገ ሰውዬ፣ ሻሽ ያሰረች ሴት፣ በመጨረሻው መስኮት ደግሞ እጇን ከፍ ያደረገች ልጅ። ደረበ ሞላው እስኪበጠስ ጠመዘዘው፤ ከዚያ ውስጡን ለማየት በድንጋይ ቀጠቀጠውና ወደ አመድ መድፊያው ወረወረው። ያነሣችው እሷ ነበረች። የተጨረማመተውን ቆርቆሮ በማንኪያ ጀርባ እየደገፈች አቃናችው፣ ዝገቱን በሰሊጥ ዘይት እያሸች አስለቀቀችው፤ ለሞላው ግን ዩኒቨርሲቲ ገብታ ጎንደር ላይ አንድ ሰዓት ሠሪ እስክታገኝ ድረስ መጠበቅ ነበረባት። አባቷ ገዳሪፍን አንድም ቀን አላሳዩአትም። የኋለኛዋ መስኮት ልጅ ግን ወደዚያ እንደምትሄድ ባንቺአየሁ በልጅነቷ እርግጠኛ ነበረች።

ደመወዝ ማግኘት ከጀመረች ወዲህ ሌሎችም ተጨምረዋል፤ ከበሮ የሚመታ ዝንጀሮ፣ ሞተር ብስክሌተኛ፣ እህል የምትለቅም ዶሮ። ዶሮዋን ያመጣችላት ረፊቃ ናት፤ የሱዳኑን ጦርነት ሸሽታ ከድንበሩ ማዶ ከገላባት በኩል የተሻገረችና አሁን በመሻገሪያው አጠገብ አሮጌ ዕቃ የምትሸጥ ሴት። የልጄ ነበረች ብላ ቁልፉ እንዴት እንደሚዞር ካሳየቻት በኋላ ሌላ ቃል አልጨመረችም። ባንቺአየሁም አልጠየቀቻት፤ ዋጋውንም አልተከራከረችም። እነዚህን ዕቃዎች በአባታቸው ሣጥን ውስጥ በማኖሯ በዘመድ ፊት ያልተባለችው አልነበረም። ባለፈው ፋሲካ፣ ገበታው ላይ፣ ያልወለደች ሴት ቆርቆሮ ታቅፋ ታሳድጋለች ብሎ ያሳቀባት ሌላ ሰው ሳይሆን ይኸው ደረበ ነው። ሲሳቅበት የእሷ ነበር፤ ሲመሰገንበት የእሱ ሆነ።

ሣጥኑን ከፈተችው። ዝንጀሮው አለ፣ ሞተረኛው አለ፣ ዶሮዋ አለች፤ የአውቶብሱ ቦታ ባዶ ነው። ወደ ግቢው ስትወጣ ደረበ ሄዷል። ሚስቱ ስርጉት የቧንቧው ሥር ቁጭ ብላ ልብስ ታጥባለች። ዝናብ ድንገት ቢመጣ አንገረቧን እንድታስገባላት ባንቺአየሁ የክፍሏን ትርፍ ቁልፍ የሰጠቻት በመተማመን ነበር። ስርጉት የሸሚዙን አንገትጌ መላልሳ እያሸች፣ ቀና ሳትል፣ እስክትጠየቅ ጠበቀች።

«ስርጉት፣ ቁልፉን ሰጠሽው?»

«ባንች፣ አትቆጪ። ቆርቆሮ አይዶለም እንዴ? ዝናቡ ቀድሞ ከመጣና ትራክተር ካላገኘን ምን ልንበላ ነው?»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ በተቆራረጠ ቃል ነገረቻት። አቶ እንግዳው የሚባሉት፣ ሸሕዲ ላይ ትራክተር የሚያከራዩት ባለሀብት፣ ፎቶውን አይተው ለደረበ ደውለዋል። በልጅነታቸው እንዲህ ያለ ነበራቸው አሉ። ደረበም ይህን የተከፈተ በር አይቶ ስጦታ አድርጎ ሊሰጣቸው ቃል ገባ፤ ግንቦት እያለቀ ነው፤ በመጀመሪያው ዝናብ ያላረሰ ሰው የዓመቱን ሰሊጥ እንደማያይ መቼም ታውቂያለሽ አለቻት። ባንቺአየሁ ታውቃለች። ትራክተሩ እንደሚያስፈልግ ነግሯት አውቶብሱን ቢለምናት ኖሮ ምን ትል እንደነበር ግን ራሷም አታውቅም፤ የሚያንገበግባትም ይኸው ነበር። እንቢ ለማለት እንኳ የሚበቃ ሰው ሆና አልተቆጠረችም። ስርጉት አረፋውን ከክንዷ እየጠረገች፣ ቀለም ሊያስቀባው ሸሕዲ፣ ቢሻው ከሚባለው ቀለም ቀቢ ጋራዥ ይዞት ሄዷል ብላ ጨመረች፤ ይህን ያለችው ለማጽናናት ነበር።

ባንቺአየሁ ለባልደረባዋ ደውላ ፈቃድ ጠየቀችና ሊሞላ ብዙ ባስጠበቃት ሚኒባስ ወደ ሸሕዲ ተሳፈረች። መንገዱን ሁሉ ቀለም የሚለውን ቃል በአእምሮዋ ስታገላብጥ ነበር። እዚህ አገር ከዝናብ በፊት የማይቀባ ብረት የለም። ትራክተሩ፣ የማረሻው ዲስክ፣ የውኃ ቦቴው፣ የቤቱ በር ሳይቀር በግንቦት ይቀባል፤ ዝገት የስንፍና ምልክት ነውና ሰው ለሚያከብረው እንግዳ የዛገ ነገር አያቀርብም። ደረበ ክፉ ሊሠራ አስቦ እንዳልሆነ ይገባታል። በዚህ ረገድ ንጹሕ ነው። ነገር ግን ሰው የሚያጠፋውን ነገር ምንነት ሳያውቅ ሲያጠፋው፣ ሳያውቅ መቅረቱ ራሱ የግዴለሽነት ሌላ ስም መስሎ ታያት። ሸሕዲ ስትደርስ አስፋልቱ ዳር ከጎጃምና ከወሎ የመጡ የቀን ሠራተኞች ጨርቃቸውን አንጥፈው ቀጣሪ ይጠብቃሉ። በመካከላቸው አልፋ፣ ከነዳጅ ማደያው ጀርባ ወዳለው ጋራዥ ገባች።

አውቶብሱ ከኒም ዛፍ ቅርንጫፍ በሽቦ ተንጠልጥሏል። ቀይ ነው። ከሥሩ ቆሞ ተራውን ከሚጠብቀው ትራክተር ጋር አንድ ዓይነት ቀይ። ንፋሱ ቀስ እያለ ያዞረዋል፤ ሲዞርም በግራ በኩል ያለው ጎን እንደ ቀኙ፣ የኋላው እንደ ፊቱ ነበር፤ ባርኔጣም ሻሽም ከፍ ያለ እጅም አልነበረም። ቀለም ቀቢው ቢሻው ጭምብሉን ወደ ግንባሩ ገፍቶ ሰላም አላት። ዓይኗን ከአውቶብሱ ስላላነሣች ሳያፍር አልቀረም፣ ሳይጠየቅ ራሱን መከላከል ጀመረ።

«ሰዎቹን እንዳላጠፋቸው ፈርቼ መስኮቱን በፕላስተር ልሸፍነው ብዬው ነበር፣ እህቴ። ያመጣው ሰው ግን ከነመስኮቱ ድፈነው አለኝ። ትራክተር እየጠበቀኝ ጉልበቴን ቆርቆሮ ላይ ጨረስኩ።»

ይለቅ እንደሆነ ጠየቀችው። በቤንዚን ይለቃል አላት፤ ግን ከታች ያለው ሥዕልም የቀለም ዘር ነውና፣ ከዚያ በፊትም በብርጭቆ ወረቀት ስለፈገፈገው፣ ቀዩ ሲለቅ ባዶ ቆርቆሮ እንጂ ሌላ አይገኝም። ይህን ሲናገር ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር፤ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው። ደረበ ከወዲያ ማዶ ከሻይ ቤቱ የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። እህቱን ሲያይ ደነገጠ፣ ወዲያው ግን አውቶብሱን ከሽቦው እያወረደ ሳቀላት። እንዴት አምሮበታል፣ አዲስ አልሆነም ወይ አላት። ከዚያ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ፣ ቃሌን ለሰው ሰጥቻለሁ፣ የአባታችንን ስም ይዤ ነው የሄድኩት፣ በሰው ፊት እንዳታዋርጂኝ ሲል አስጠነቀቃት። አውቶብሱን በጋዜጣ ጠቅልሎ ሲሄድ ባንቺአየሁ ለምን እንደምትከተለው በእርግጥ ሳታውቅ ተከተለችው።

የአቶ እንግዳው ቢሮ ውስጥ የማቀዝቀዣው ንፋስ ወረቀቱን ያርገበግባል። ሰውዬው ሃምሳን የተሻገሩ፣ ሸሚዛቸው በደንብ የተተኮሰ፣ ለስላሳ ሰው ናቸው። ደረበን ቁጭ በል አሉት፤ ባንቺአየሁን አዩአትና ቀዝቃዛ ውኃ እንዲቀርብላት አዘዙ። ከዚያ በኋላ ጉዳይ ከመጀመራቸው በፊት ስለ ራሳቸው አወሩ። አባታቸው ከሱዳኗ ከሰላ ያመጡላቸውን እንዲህ ያለ አውቶብስ በሳምንቱ ሰባብረው እንደተገረፉበት፣ ከዚያ ወዲህ በሕልማቸው ሁሉ ያዩት እንደነበር፣ ፎቶውን ሲያዩ ሚስታቸው አጠገብ እንባ እንዳመለጣቸው አወሩ። ሲናገሩ ዓይናቸው የሚያርፈው ደረበ ላይ ነው፤ በፍቅር፤ እንደ ወንድም።

«እኔ ሳምንት ያላቆየሁትን አንተ ይህን ሁሉ ዘመን እንዴት አድርገህ ያዝከው?»

«እንዲሁ ነው፣ ጌታዬ» አለ ደረበ፣ «በጨርቅ ጠቅልዬ።»

ባንቺአየሁ ውኃውን ጠረጴዛው ላይ መልሳ አኖረችው። የወንድምን ገመና በባዕድ ፊት መክፈት ነውር እንደሆነ ተነግሯት ያደገች ሴት ናት። ሰው ሁሉ ጨዋነት ብሎ የሚያመሰግንላት ዝምታዋ፣ በዚያች ደቂቃ፣ ሌላው የሚዘርፍበት ያልታጠረ ማሳ እንደሆነ ታወቃት። አፏን ልትከፍት ስትል ግን ደረበ ጋዜጣውን ፈታው። ቀለሙ ስላልደረቀ የጋዜጣው ፊደላት የአውቶብሱ ጣሪያ ላይ ተለጥፈው ቀርተዋል። አቶ እንግዳው አላነሡትም። ስልካቸውን አውጥተው ፎቶውን ከፈቱ፣ ከአውቶብሱ አጠገብ አኖሩት፣ ከአንዱ ወደ ሌላው አዩ።

«መስኮቱ ላይ የነበሩት ሰዎችስ?»

«ዝገት ጀምሯቸው ነበር» አለ ደረበ።

ሰውዬው ስልካቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ አውቶብሱን በአንድ ጣታቸው ጫፍ ወደ ደረበ መልሰው ገፉት፤ ይህንንማ ልጄ ከሱቅ ይገዛዋል አሉ፣ ያለ ቁጣ። ስለ ትራክተሩ ገና ሳይጠየቁ፣ በተራህ ታገኛለህ፣ ጸሐፊዋ ጋ ተመዝገብ ብለው ብድግ አሉ። ሁለቱ ወንዶች ለጠፋው ነገር ያዘኑት እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ምክንያት ነበር፤ ለማን እንደጠፋ የጠየቀ ግን በዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም።

ውጭ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ደረበ ጥቂት እንደተራመደ ዞር ብሎ ጮኸባት። ዝም ብለሽ ከምትገተሪ፣ እንዲህ ያለው ነገር ካልተቀባ ነው የሚከበረው ብለሽ ብትነግሪኝ ምን ነበር? አንቺ የተማርሽ አይደለሽም? ዓመቱን ሙሉ ስትወለውይው የምትውይ፣ ጥቅሙን የምታውቂው አንቺ ብቻ፤ ወንድምሽ ሲዋረድ ቆመሽ ታያለሽ። ባንቺአየሁ የሰማችውን አላመነችም። ጠዋት የእሷ ያልነበረው ዕቃ፣ ጥፋቱ ሲመጣ ግን በሙሉ የእሷ ሆኗል። ደረበም ይህን ለማረጋገጥ ይመስል አውቶብሱን ደረቷ ላይ ገፋው።

«በይ እንቺ፣ ውሰጂው። ያንቺ ነው።»

እጇን አልዘረጋችም።

«እዚያ ገጽ ላይ ምን ብለህ ነው የጻፍከው፣ ጋሼ?»

«የፌስቡክ ወሬ ደግሞ ምን ያደርግልሻል?»

«ማን አንሥቶ እንዳቃናው፣ ማን እንደጠበቀው፣ ማን እንዳስቀባው ጻፍ። ያን ጊዜ እቀበልሃለሁ።»

ለአንድ ቆርቆሮ ብለሽ ወንድምሽን በሕዝብ ፊት ልታሳጪ ነው ወይ አላት። ቆርቆሮ ከሆነ መጻፉ ምን ያስፈራል አለችው። ከዚያ ፊትና ኋላ ሆነው ወደ መናኸሪያው ሄዱ። ወደ መተማ የሚሄደው ሚኒባስ ሊሞላ ሁለት ሰው ቀርቶት ነበርና ከኋላ ወንበር ጎን ለጎን ተቀመጡ። ደረበ አውቶብሱን በመካከላቸው ወንበሩ ላይ አኖረው፤ ባለቤት የሌለው ዕቃ መስሎ። መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር ውስጡ ያለው ሞላ ድምፅ ያሰማል። ሁለቱም ሰሙ፣ ሁለቱም ወደ መስኮት አዩ። ያልታረሰው ጥቁር መሬት ተሰነጣጥቆ፣ ዝናቡን ይጠብቃል።

ኬላው ላይ እንደ ልማዱ ሁሉም ውረዱ ተባለ። እዚያ ደንቡ ግልጽ ነው፤ ዕቃ በመኪናው ይቀራል፣ ሰው ተሰልፎ ይቆማል፣ ፈታሹ እያንዳንዱን ዕቃ ከፍ አድርጎ የማን ነው ይላል፤ ባለቤቱም እጁን አውጥቶ የኔ ነው ይላል፤ ማንም የኔ ነው ያላለው ነገር መንገድ ዳር ይቀራል። የሽንኩርቱ ማዳበሪያ ባለቤት ተገኘ፣ የጀሪካኑ ተገኘ፣ የፍራሹም ተገኘ። ከዚያ ፈታሹ አውቶብሱን ይዞ ወጣና ጣቶቹን አየ፤ ቀልተዋል።

«ይህ ደግሞ ገና አልደረቀም። የማን ነው?»

እጁን ያወጣ አልነበረም። አንድ ሽማግሌ ገበሬ፣ ባለቤት ከጠፋ እኔ ልሳፈርበት ብለው ሰልፉን አሳቁት። ፈታሹ ግን አልሳቀም። ወደ ጆሮው አስጠግቶ ወዘወዘው፤ ሞላው ተንሿሿ። ትኩስ ቀለም የተቀባ፣ ውስጡ የሚንሿሿ፣ ባለቤት የሌለው ነገር፤ ኪሱን ዳስሶ ጩቤ አወጣና ጫፉን የሆዱ መጋጠሚያ ላይ አሳረፈ። ባንቺአየሁ ሞላውን የሠራላትን ሰዓት ሠሪ ክፍል፣ አጉሊ መነጽሩን፣ ሞላው ሲገባ የተሰማውን ድምፅ ሁሉ በዚያች ቅጽበት አስታወሰች። ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር። የኔ ነው ብትል ይድናል፤ ብትል ግን፣ ዕድሜዋን ሙሉ እንዳደረገችው፣ የደረበን ጥፋት እንደገና እሷ ታነሣለታለች። ቃሉን ዋጠችውና ወንድሟን አየችው። ከጠዋት ጀምሮ ዓይን ዓይኑን ስታየው ይህ የመጀመሪያ ጊዜዋ ነበር። ተሳፋሪዎቹም የእሷን ዓይን ተከትለው አዩት።

ደረበ ላቡን በእጀታው ጠረገ።

«የእህቴ ነው» አለ። ድምፁ ወፍራም ነበር፣ የራሱ። «አትክፈተው። ውስጡ ሞላ ነው። እሷ ናት ያሠራችው።»

ፈታሹ ጩቤውን አጠፈና እህትህ የትኛዋ ናት አለ። ባንቺአየሁ ከሰልፉ ወጥታ አውቶብሱን በሁለት እጇ ተቀበለች። ቀለሙ መዳፏ ላይ ታተመ፤ አልጠረገችውም። መኪናው ውስጥ ገብተው ሲቀመጡ፣ በዚህ ጊዜ በመካከላቸው ምንም ነገር አልነበረም፤ አውቶብሱ በጭኗ ላይ ነው። ሚኒባሱ ኬላውን እንዳለፈ፣ ወንድሟ ብቻ በሚሰማው ድምፅ፣ «አሁን ያልካትን ያችኑ ጻፋት» አለችው።

ደረበ ስልኩን ከኪሱ አወጣ፣ ከፍ አድርጎ አየው፣ ወደ መስኮቱም አስጠግቶ አየው።

«ኔትወርክ የለም» አላት።

«መተማ ስንደርስ አለ» አለች ባንቺአየሁ፤ እስኪደርሱም ድረስ ዓይኗን ከስልኩ ላይ አላነሣችም።